ለሆላንዱ ሰው አፍ ሆኜ

ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። ቁጥሬን ከየት እንዳገኘችው አላውቅም። ድምጿ ለስላሳ ነው፤ ገና ከመጀመሪያው «ጋሼ» አለችኝ። ቤት ትሸጣለች። ሊፍት ያለው፣ ባለ ሁለት መኝታ፣ ሳውዲ ላሉ ወንድሞችና እህቶች ልዩ ቅናሽ የተደረገበት። ስዕሉንም በስልኬ ላከችልኝ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ በረንዳው ላይ አበባ ተደርድሯል፣ አንዲት ቀጭን ሴትዮ ውሻ እየሳበች ታልፋለች። ቤቱ የት ደረሰ ብዬ ጠየቅኋት። ገና ቁፋሮ ላይ ነን አለችኝ።

እኔ በዚያ ሰዓት ጂዛን፣ ኢኮኖሚክ ሲቲ የሚሉት የፋብሪካዎች ሰፈር በር ላይ አውቶቡሴን አቁሜ ሠራተኞቹ እስኪወጡ እጠብቅ ነበር። ሙቀቱ መሪውን አያስነካም። ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ እርጥብ ጨርቅ ፊት ላይ እንደ መጣል ነው። አስቤበት እነግርሻለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ስዕሉን ደግሜ አየሁት። እንዲህ ያለ ስዕል አውቃለሁ። ወጣት ሳለሁ የአንድ የሆላንድ ሰው መኪና እነዳ ነበር፤ በኋለኛው ወንበር ላይ ተጠቅልሎ በየመታጠፊያው ሲንከባለል የሚውለው ስዕል የዚህ ወንድም ነበር።

ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመት ገደማ ቢሆነኝ ነው። የአጎቴ ልጅ በላከልኝ ቪዛ ከሐርቡ ተነስቼ ቀጥታ ጂዛን ገባሁ። ከፊሌ አቡ ሱልጣን ይባል ነበር። ከፊል ማለት በስሙ የምትኖርበት ሰው ነው፤ ኢቃማህ፣ የመኖሪያ ፈቃድህ፣ በእሱ እጅ ይወጣል፣ በእሱ እጅ ይሰረዛል። አቡ ሱልጣን ሕንፃ ያከራያል፣ መሬት ገዝቶ ይሸጣል። ክፉ ሰው ነበር አልልም። ረመዳን ሲሆን ለሠራተኛው ሁሉ ቴምር ይልካል፣ ሰው አያንጓጥጥም፣ አይሳደብም። መጀመሪያ ለቤተሰቡ ሾፌር አድርጎ አሠራኝ፤ አረብኛውንም እዚያው ለመድኩ። ደሴ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ስለነበር እንግሊዝኛ እንደምሞክር ሲያውቅ፣ ከውጭ ላስመጣው ሸሪኩ ሰጠኝ።

ሸሪኩ ሚስተር ቪለም ነው። ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ፀሐይ አፍንጫውን የላጠችው የስድሳ ዓመት ሰው። ሥራው ቤት መሥራት ነው፤ ግን ድንጋይ አያነሳም፣ ሲሚንቶ አያቦካም። ባዶ መሬት ያያል፣ ገንዘብ ያላቸውን ሰዎች ያሰባስባል፣ ስዕል ያሠራል፣ ቤቱ ሳይኖር ይሸጠዋል፣ ከዚያ ይሠራዋል። በአገሩ ሰፈር ሙሉ ቤት እንደ ሠራ አቡ ሱልጣን በኩራት ነግሮኝ ነበር። ጂዛን ውስጥ የሚያድረው ባሕሩ ዳር ባለ ሆቴል ነው። ጠዋት ልወስደው ስሄድ አንዳንዴ ክፍሉ ድረስ እወጣለሁ፤ ልብሱ ሁልጊዜ ሻንጣው ውስጥ ነው። ቁምሳጥኑ ባዶ ነው፣ መስቀያው ብቻ ተንጠልጥሏል። ስንት ወር ተቀምጦ አንዲት ሸሚዝ አልሰቀለም።

የዚያ ዓመት ሐሳባቸው ፈይፋ ላይ ነበር። ፈይፋን ላላየ ሰው፣ ከታች ሜዳው ሙዝና ማሽላ ነው፣ ከዚያ ድንገት ተራራ ይቆማል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወጣ ፒካፑ በአንደኛ ማርሽ ያጉረመርማል፣ ጆሮ ይደፈናል፣ ከዚያ አየሩ ይለወጣል። ብርድ ብርድ ይላል። ከአናቱ እስከ እግሩ ተራራው በድንጋይ እርከን የተከረከመ ነው፤ በየእርከኑ ላይ ቡና፣ በቆሎ፣ ጥቂት ማሽላ። ክብ የድንጋይ ቤቶች ከእርከኑ መሐል ብቅ ብቅ ይላሉ። መጀመሪያ ቀን ስወጣ የኛ አገር መሰለኝና ደነገጥኩ። ሚስተር ቪለም እዚያ ከጂዳና ከሪያድ ለሚመጡ ሀብታሞች የበጋ ቤቶች ሊሠራ ነበር የፈለገው። ከሁሉ የመረጠው ቦታ ደግሞ የዓሚ ጃብር ነበር፤ ዓሚ ማለት አጎቴ ነው፣ ሽማግሌ የሚጠራበት።

ዓሚ ጃብር ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ሰባ ያለፋቸው የቡና ገበሬ ናቸው። ወገባቸው ላይ ጩቤ ይታጠቃሉ፣ እራሳቸው ላይ የአበባና የቅጠል ጉንጉን ያደርጋሉ፤ የዚያ ተራራ ሽማግሌዎች ልማድ ነው። ታላቁ ልጃቸው ያሕያ ከነሚስቱ አብሯቸው ይኖራል፣ ሌሎቹ ልጆች ጂዳ ናቸው። ልጆቹ ሁሉ መሬቱ እንዲሸጥ ተስማምተዋል። የቀረው የሽማግሌው ቃል ብቻ ነበር።

በየሳምንቱ እንወጣ ጀመር። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሁሉ ቶሎ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። ዓሚ ጃብር ግን እንቢም እሺም አይሉም። ያስገቡናል፣ ከቡናው ገለባ በዝንጅብል የሚፈላውን ቅሽር ያቀርቡልናል፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ። ሚስተር ቪለም ስዕሉን ምንጣፉ ላይ ዘርግቶ አራቱን ማዕዘን በስኒ ያስይዛል። እሳቸው ጎንበስ ብለው ያዩታል። አንድ ቀን የኔ ቤት በዚህ ውስጥ የትኛው ነው ብለው ጠየቁ። ስዕሉ ላይ የሳቸው ቤት አልነበረም። በቦታው የመኪና ማቆሚያ ነበር። ሚስተር ቪለም ይህን እንዳስተረጉም ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ከዚያ በኋላ ስዕሉን ከመኪናው ማውረድ ተወ። መውጣቱን ግን አልተወም። ምን ሊያደርግ እንደሚወጣ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ እኔ መሐላቸው እሆናለሁ። ዓሚ ጃብር ይጠይቃሉ፣ እሱ ይመልሳል። እኔ ሳስተረጉም «እንዲህ አለ» ማለት ስለሚያደክመኝ በቀጥታ «እኔ» እያልኩ እናገር ነበር። እንዲህ ሆኖ የአንድ የሆላንድ ሰውን ሕይወት በራሴ አፍ፣ የራሴ አስመስዬ፣ ፈይፋ ተራራ ላይ ተረክሁ።

የተወለድኩት መሬቱ ከባሕር በታች በሆነበት አገር ነው፣ አልኩ። አባቴ ግንበኛ ነበር። ልጅ ሳለሁ ባሕሩ ግድቡን ሰብሮ ገብቶ የአክስቴን ቤት ወስዶታል፤ አክስቴን ጣሪያ ላይ አግኝተዋታል። እኔ እንደ አባቴ ጡብ መደርደር አልፈለግሁም። የከብት በረት ገዝቼ፣ አድሼ፣ ቤት አድርጌ ሸጥኩት። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሜዳ ሙሉ። ሚስቴ አንድ ቤት ሠርተህ አስገባኝ ትለኝ ነበር፤ የምሠራውን ሁሉ ከሷ በፊት ሌላ ሰው ይገዛዋል። በመጨረሻ ሄደች። ሴት ልጅ አለችኝ፣ በዓመት አንድ ጊዜ እንደዋወላለን። ገበያው ሲወድቅ ባንኩ ድርጅቴን ወሰደው። በስድሳ ዓመቴ እንደ ወጣት ልጀምር ብዬ ወደዚህ መጣሁ። ደክሞኛል።

ይህን የመጨረሻውን ቃል ሳስተረጉም የሆነ ነገር ተሰማኝ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ድካም ምን እንደሆነ አላውቅም። ቃሉን ግን አወጣሁት። ዓሚ ጃብር አንገታቸውን ነቀነቁና ለሱ ሳይሆን ለኔ ቅሽር ጨመሩልኝ።

አቡ ሱልጣን ትዕግሥቱ እያለቀ ነበር። አንድ ቀን ቢሮው ጠርቶኝ ሻይ ጋበዘኝና ተራራው ላይ ምን እንደሚወራ ጠየቀኝ። ስለ ዝናብ፣ ስለ ቡና፣ አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ረጋ ብሎ፣ የሆላንዳዊው አፍ አንተ ነህ፣ አፍ ደግሞ ዝም ብሎ አያስተላልፍም፣ ያሳምራል፣ አለኝ። የሚበጀውን እንድናገር ነገረኝ። ሻዩን ጠጥቼ፣ እሺ ብዬ ወጣሁ።

የዝናቡ ወቅት ሲገባ ነገሩ ተለወጠ። አንድ ቀን ተራራውን ጨርሰን ስንደርስ ሚስተር ቪለም መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሙቀቱ ነው ብሎኝ ነበር፤ እኔ ግን የቆላ ልጅ ነኝ፣ ወባን ስትመጣ ከሩቅ አውቃታለሁ። ልመልሰው መኪናውን ሳዞር ሰማዩ ተቀደደ። የፈይፋ ዝናብ ሲመጣ ምሕረት የለውም። ታች መታጠፊያው ላይ ድንጋይ ተንዶ መንገዱን ዘጋው። ተሸከምኩት ልል ምንም አልቀረኝም፤ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወደ ዓሚ ጃብር ቤት አስገባሁት።

መንገዱ እስኪጠረግ እዚያው ሰነበትን። ሽማግሌው የራሳቸውን ፍራሽ ለቀቁለት። ያሕያ፣ መሬቱን ለመሸጥ ከሁሉ በላይ የሚቸኩለው ያሕያ፣ በጭቃው ውስጥ በእግሩ ወርዶ ከጤና ጣቢያው መድኃኒት አመጣ። ሚስቱ ዓሲዳ እየሠራች በማርና በቅቤ ትልክልናለች፤ የኛው ገንፎ ነው፣ ስሙ ብቻ ነው የተለየው። ሚስተር ቪለም ሲብስበት በራሱ ቋንቋ ይቃዣል። ዓሚ ጃብር ምን ይላል ይሉኛል። አላውቅም እላቸዋለሁ። እሳቸው ግን አጠገቡ ተቀምጠው፣ እንደገባቸው ሁሉ፣ «አይዋ፣ አይዋ»፣ አዎ አዎ፣ እያሉ ይመልሱለታል።

ትኩሳቱ ሲለቀው ብርድ ልብስ ተከናንቦ ትንሿ መስኮት ላይ ተቀመጠ። ዝናቡ አሁንም ይወርዳል። ና እይ አለኝ። ከላይኛው እርከን ውኃው ሞልቶ በድንጋዩ ጠርዝ ወደ ሁለተኛው ይፈስሳል፣ እዚያ ይተኛል፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው፤ እስከ ታች ድረስ እንዲህ በዝግታ ይወርዳል። እርከኑ ለመንገድ በተቆረጠበት በኩል ደግሞ ውኃው ቀይ ሆኖ፣ ድንጋይ ይዞ፣ እየጮኸ ይወርዳል። ሁለቱን በአንድ መስኮት ማየት ይቻል ነበር። ሚስተር ቪለም ብዙ ቆየ። ፊቱ የታመመ ሰው ፊት ነበር፤ የወባው ይሁን የሌላ ነገር ማወቅ አልቻልኩም።

መንገዱ በተከፈተ ማግሥት ልንወርድ ስንል ዓሚ ጃብር አስቀመጡን። ያሕያም ገብቶ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሽማግሌው፣ እንግዳዬ ሆነሃል፣ ቤቴ ውስጥ ታመህ ድነሃል፣ ልጆቼም ይፈልጋሉ፣ እንግዲህ እንቢ ማለት አሳፈረኝ፣ ልሽጥልህ፣ አሉ። አስተረጎምኩ። በልቤ አልሐምዱ ሊላህ አልኩ። ሁሉም ነገር አለቀ፤ አቡ ሱልጣን ይደሰታል፣ እኔም እንጀራዬ ላይ እቆያለሁ።

ሚስተር ቪለም እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

«እንዲህ በላቸው» አለኝ። «እዚህ ቤት ከሠራሁ መጀመሪያ የምሠራው መንገድ ነው። መንገዱ እርከኑን ይቆርጠዋል። ከተቆረጠ ይህ ውኃ በደረጃ መውረዱ ይቀራል፤ አንድ ቀን ተራራውን ይዞት ይወርዳል። ያን ቀን እኔ እዚህ የለሁም። እኔ ሁልጊዜ ቁልፍ አስረክቤ የምሄድ ሰው ነኝ። አይሽጡ በላቸው።»

ዓሚ ጃብር ያዩኛል፣ ያሕያ ያየኛል። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ከሁለታችን በቀር በዚያ ተራራ ላይ ማንም የለም። «እሺ ይላል፣ ያመሰግናል» ብል ማን ያውቅብኛል? ሚስተር ቪለም አረብኛ አይሰማም። መሬቱ ይሸጥ ነበር፣ እሱም በኋላ ቢቃወም የሽማግሌው ቃል ወጥቷል። የአቡ ሱልጣን ሻይ፣ ኢቃማዬ፣ ሐርቡ ያለችው እናቴ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ፊቴ ላይ መጡ። እንዲህ ያለ ዝምታ ሲነገር ረጅም ይመስላል፤ ያን ቀን ግን ቅሽሩ እንኳ አልቀዘቀዘም።

ከዚያ ያለውን ሁሉ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ተናገርኩ። እንደ ልማዴ «እኔ» እያልኩ። መንገድ እቆርጣለሁ፣ ያን ቀን እዚህ የለሁም፣ አይሽጡ፣ አልኩ።

ያሕያ ከተቀመጠበት ቀና አለ። «ይህ የሱ ቃል ነው ወይስ ያንተ?» አለኝ።

«የሱ ነው» አልኩት።

ዓሚ ጃብር ለልጃቸው በእጃቸው ምልክት ሰጥተው ዝም አሰኙትና ወደኔ ዞሩ። «አንተስ፣ ሰይድ፣ አባትህ መሬት አላቸው?»

«ነበራቸው ዓሚ። በሕይወት የሉም። እርከን ነው፣ ከዚህ ያነሰ።»

«ያንተ ቢሆን ትሸጠው ነበር?»

ይህን ማንም እንዳስተረጉም አልጠየቀኝም። ለራሴ የቀረበ ጥያቄ ነበር። ወራት ሙሉ በዚያ ቤት ውስጥ ስናገር የራሴን ቃል የተጠየቅሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «አልሸጥም» አልኩ። ያሕያ ተነስቶ ወጣ።

ቁልቁል ስንወርድ ሚስተር ቪለም ምን እንዳሉኝ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና መስኮቱን ከፍቶ ፊቱን ለነፋሱ ሰጠ። ደስ ብሎት ነበር። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። እኔ መሪውን ይዤ ያሕያ ለአቡ ሱልጣን ሊደውል ስልክ የሚይዝበት ቦታ እስኪደርስ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅበታል እያልኩ አስብ ነበር።

አቡ ሱልጣን አልጮኸም። ከሚስተር ቪለም ጋር በር ዘግተው ጥቂት ተነጋገሩ፣ ከዚያ ሽርክናው ኸላስ ሆነ፣ አበቃ። እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ያደረስኩት እኔ ነኝ። መንገድ ላይ አንተስ ምን ትሆናለህ አለኝ። መልስ ሳልሰጠው እሱው ቀደመኝና፣ እንዳንተ ያለ ሾፌር ማንም አይለቅም፣ አለ። እውነት መስሎት ነው። እሱ አገር ሠራተኛ ከአንድ ጌታ ወደ ሌላው በፈለገው ቀን ይሄዳል። እንዳልሆነ ልነግረው ነበር፤ ሻንጣውን ሲያነሳ ግን ፊቱ ላይ ያለውን ዕረፍት አይቼ ተውኩት። መልካም መንገድ አልኩት። እጄን ጨብጦ ገባ።

ስመለስ የመኪናውን ቁልፍ የአቡ ሱልጣን ጸሐፊ በር ላይ ተቀበለኝ። ቆየት ብሎ ሁሩብ መደረጌን ሰማሁ፤ ከሥራው ጠፍቷል ተብሎ ለመንግሥት ሲመዘገብብህ ሁሩብ ይባላል። ከዚያ በኋላ ኢቃማህ ወረቀት ብቻ ነው። አሐድ አል-መሳርሐ ወደሚባል ከተማ ወርጄ የአገሬ ልጆች ባሉበት አትክልት እርሻ ቲማቲም ስለቅም ከረምኩ። ቀን ሙቀት፣ ጀርባ፣ ትንኝ። መኪና ድምፅ ባሰማ ቁጥር ማሽላው ውስጥ መግባት። በመጨረሻ ገበያ ስንወጣ ፍተሻ ላይ ተያዝኩ፤ አልሮጥኩም።

ተርሒል፣ ወደ አገር የሚመልሱበት እስር ቤት፣ ሰው በጎን ነበር የሚተኛው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው፤ አንዱ ሲሰግድ ሌላው ቦታ ለማስፋት ይቆማል። አጠገቤ የነበረው አንድ የየጁ ሰው በምን እንደተያዝኩ ጠየቀኝ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። ስጨርስ ጣሪያውን እያየ፣ «ለእናትህ ተራራ አትርፌ መጣሁ በላት» አለኝ። የሰሙት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሐርቡ ስደርስ እናቴ ምንም አልጠየቀችኝም፤ ከሳህ ብቻ አለችኝ።

ዳግም እንዳልገባ የተጣለብኝ እገዳ አልፎ፣ አግብቼ፣ ወልጄ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ በሌላ ከፊል ስም ጂዛን ተመለስኩ። በዚህ መሐል በድንበሩ በኩል ጦርነት መጥቶ ሄዷል። አቡ ሱልጣን ሞቷል። ሚስተር ቪለም በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። አንዳንዴ በአገሩ ካፌ ውስጥ ተቀምጦ፣ አንድ ጊዜ አረብ አገር ተራራ ላይ እንዲህ አድርጌ ነበር እያለ ለሰው ሲያወራ ይታየኛል። ያውራ። እውነቱን ነው። የሠራው ሥራ በማን ላይ እንደ ወደቀ አለማየቱ ሥራውን ክፉ አያደርገውም። ስቀየመው ኖሬ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ ግን ለመቀየምም ጉልበት ይጠይቃል። ሰዎች በቃህ፣ ግባ፣ አርጅተሃል ይሉኛል። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ናት። ጠዋት ስነሳ ጉልበቴ ይንቋቋል፣ መሪ ላይ ስቀመጥ ይተወኛል።

ትናንት ዓርብ ነበር፣ ሥራ የለኝም። ለምን እንደሆነ ሳላውቅ የጓደኛዬን ፒካፕ ተውሼ ወደ ፈይፋ ወጣሁ። ቤቱ አለ። እርከኑ አለ። ቡናው አብቦ ሽታው መንገድ ድረስ ይመጣል። አንድ ጎልማሳ ወጥቶ ተቀበለኝ፤ የያሕያ ልጅ ነው፣ አያቱም አባቱም አልፈዋል። ቡና ፈላጊ ነጋዴ መስዬው ነበር። ቡናውን ልየው ብዬ መጣሁ አልኩት። ማን እንደሆንኩ አልነገርኩትም፤ ከየት ይጀመራል? ራሱ ገብቶ ምሳ አመጣ፣ አብረን በላን፣ ስለ ዝናቡ አወራን። ከዚያ ድካሜን አይቶ ነው መሰለኝ ትራስ ሰጠኝ። ምንጣፉ ላይ ጋደም አልኩ። ከትንሿ መስኮት ቀዝቃዛ አየር ይገባል። ጂዛን ላይ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከተወኝ ቆይቷል፤ እዚያ ግን አሸልቤ ከመንቃቴ በፊት የዐስር፣ የከሰዓት በኋላው ሶላት፣ አዛን በተራራው ላይ ያሉትን ሁለት መስጊዶች አዳርሶ ነበር። ልጁ ሳይቀሰቅሰኝ በሩን በቀስታ ዘግቶ ወደ ቡናው ሄዶ ነበር።